አራቱም ጎማ ይስባል፤ ማቆሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው

ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ካልጋሪ ላይ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ባደረበት ማለዳ፣ ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ አፍንጫቸውን ከቀበሩት መኪኖች መካከል ኤስዩቪ የሚባለው ቁመተ ረጅም መኪና አይጠፋም። ባለቤቱ ግራ ይጋባል። መኪናው አዲስ ነው፣ አራቱም ጎማ ይስባል፣ ከግቢ ሲወጣም አንዴ እንኳ አልተንሸራተተም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ያልተንሸራተተው መንገዱ ደህና ሆኖ ሳይሆን መኪናው የመንገዱን ክፋት ስለደበቀለት ነው።

ኦል ዊል ድራይቭ ማለት የሞተሩ ጉልበት በሁለት ጎማ ከሚወጣ ለአራቱም ይከፋፈላል ማለት ነው። ለመነሳት፣ ዳገት ለመውጣት፣ ከተቆለለ በረዶ ለመላቀቅ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ፍሬን ግን ድሮም በአራቱም ጎማ ላይ ነው፤ የጎረቤታችሁ አሮጌ ኮሮላም የሚቆመው በአራት ጎማ ነው። ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ስትደርሱ ኤስዩቪው ከኮሮላው የሚበልጥበት ነገር የለም። ኩርባ ላይም እንዲሁ። እንዲያውም ከባድ ስለሆነ አንዴ ከተንሸራተተ የሚመታውን በኃይል ይመታል፤ ቁመቱም ረጅም ስለሆነ በጎኑ ተንሸራቶ የመንገድ ጠርዝ ከገጨ የመገልበጥ ዕድሉ ይበልጣል።

ቁጥሩን እንየው። በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ፍሬን ብትረግጡ ደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው 12 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። ጎማ የተመላለሰበት የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 37 ሜትር ይፈልጋል። መስታወት የመሰለ ጠጣር በረዶ ላይ ግን 90 ሜትር፤ የኳስ ሜዳ ርዝመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ እግራችሁ ፍሬኑን ከነካ በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ አይታችሁ እስክትረግጡ የምታልፈው አንድ ሰከንድ ሌላ 13 ሜትር ትጨምራለች። ደግነቱ ሒሳቡ ወደ ታችም ይሠራል። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱ የማቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ15 ማይል ያው ጠጣር በረዶ 23 ሜትር ገደማ ነው የሚጠይቀው። ለበረዶ ተብሎ ከሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ዋጋውም ነፃ ነው።

ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀትም በሜትር ለመገመት አትድከሙ፤ በሰከንድ ቁጠሩት። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ። በደረቅ ጊዜ 3 ወይም 4 ላይ ምሰሶው ጋ ብትደርሱ ይበቃል፤ በረዶ ላይ ከ8 እስከ 10 ድረስ መቁጠር አለባችሁ።

መጀመሪያ ጎማውን እዩ

መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከመዳፍ ብዙ አይበልጡም። የመኪናው ኮምፒውተር ሁሉ የሚያዝዘው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ስለዚህ መኪናውን ስትረከቡ ወንበሩ መሞቅ አለመሞቁን ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን አንብቡ።

የምትፈልጉት ምልክት ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ነው። ይህ ምልክት ያለበት ጎማ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚሉት ፊደላት ግን የሚናገሩት ስለ ጎማው ጥርስ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ፈተና ማለፉን አያሳዩም። አሜሪካና ካናዳ የሚሸጥ አዲስ ኤስዩቪ አብዛኛውን ጊዜ «ኦል ሲዝን» በሚባለው ጎማ ይመጣል፤ ስሙ ሁሉንም ወቅት ያጠቃልላል፣ ሥራው ግን ቀላል ቅዝቃዜ ድረስ ነው። ባለ 20 ወይም ባለ 21 ኢንች ቸርኬ፣ ስፖርታዊ የሚባሉት ደግሞ አንዳንዴ በበጋ ጎማ ይመጣሉ። የበጋ ጎማ በረዶ ላይ ጨርሶ አይነዳም።

ምክንያቱ ላስቲኩ ራሱ ነው። የሙቀቱ መጠን ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የተራው ጎማ ላስቲክ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ላስቲክ መንገዱን አይጨብጥም። የዊንተር ጎማ የሚሠራው ብርድ ላይ ለስላሳ ሆኖ ከሚቆይ ላስቲክ ነው፤ ጥርሶቹም ላይ በምላጭ የተቀደዱ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ጎማው መሬት ሲነካ ስንጥቆቹ ይከፈታሉ፣ በረዶውን በጠርዛቸው ይነክሱታል። ከሁለቱ መሐል ያለው «ኦል ዌዘር» የሚባለው ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ሆኖ የተራራውን ምልክት ይይዛል፤ እንደ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በረዶ አልፎ አልፎ ለሚጥልበት ከተማ ይህ ይበቃል። ሚኒሶታና አልበርታ ግን እውነተኛውን የዊንተር ጎማ መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

አራቱንም ቀይሩ። «የፊቶቹን ሁለት ብቻ» የሚል ምክር ብትሰሙ እምቢ በሉ፤ የፊቱ ሲጨብጥ የኋላው ይለቅና መኪናው በኩርባ ላይ ይዞራል። ኦል ዊል ድራይቭ ላይ ደግሞ ሌላም መዘዝ አለው፦ የጎማዎቹ ዙሪያ ካልተመጣጠነ ጉልበት የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውልና ይግላል፤ ጥገናው ከአራት ጎማ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካው ቸርኬ አነስ ያለ፣ ለምሳሌ በ20 ፋንታ ባለ 18 ኢንች፣ ለብቻው ገዝቶ የዊንተሩን ጎማ እዚያ ላይ ማስገጠም ብልህነት ነው፤ ጎማው ይረክሳል፣ ጎኑም ስለሚወፍር በረዶ የሸፈነውን ጉድጓድ ይችላል። ትንሹ ቸርኬ የፍሬኑን ዕቃ እንደማይነካ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ከተገጠመ በኋላ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠብቁ።

የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀት አንድ ኢንች ለ32 ተከፍሎ ሲለካ 10 ወይም 11 ነው። 6 ላይ ሲደርስ በረዶ ላይ መድከም ይጀምራል። መለኪያ ከሌላችሁ የ25 ሳንቲሙን ኳርተር በዋሽንግተን ራስ በኩል ጥርሱ መሐል አስገቡ፤ የፀጉሩ ጫፍ ከታየ ጥልቀቱ ከ4 በታች ነው፣ ለበረዶ አልቋል።

ነፋሱን ስትሞሉ የአሸዋና የጭቃ ልማድ አታምጡ። አሸዋ ላይ ነፋስ ቀንሶ መንዳት ይሠራል፤ በረዶ በጣለበት አስፋልት ላይ አይሠራም። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ የሚለካውም መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። የሙቀቱ መጠን 10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ያጣል። የሞቀ ጋራዥ ውስጥ በ70 ፋራናይት 35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ፣ ዜሮ ፋራናይት ባደረ ማለዳ 28 አካባቢ ይገኛል። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማው የጎማ መብራት ሲበራ ጎሚስታ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሕጉም እንደ አገሩ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው የተራራ መንገድ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ኦል ዊል ድራይቭ ያለው መኪናም ቢሆን ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥርስ ያለው ጎማ ሊኖረው ይገባል። ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የዊንተር ጎማ ግዴታ ነው። ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ሲይዘው ያስገድዳል፤ የጥርሱ ጥልቀትም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ጀርመን ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ የተጻፈበትን ጎማ አትቀበልም፤ የተራራው ምልክት የግድ ነው።

«በረዶ» አንድ ቃል፣ ብዙ ጠባይ

እኛ ሁሉንም በረዶ እንለዋለን፤ ጎማው ግን ይለያቸዋል። ትናንት ማታ የጣለው ድርቅ ያለ አዲስ በረዶ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የዊንተር ጎማ ይነክሰዋል። ጨው ያቀለጠው አተላ መሳዩ ደግሞ ጎማውን ከመሬት ያነሳውና መሪውን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ መስመር ስትቀይሩ በመስመሮቹ መሐል የተከመረውን ቀስ ብላችሁ ተሻገሩት።

የሚያስፈራው ብላክ አይስ የሚሉት ነው። በረዶው ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ የምታዩት ከሥሩ ያለውን አስፋልት ነው፤ እርጥብ መንገድ ይመስላል። መለያው አንድ ነው፦ መንገዱ የረጠበ እየመሰለ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውኃ የማይረጭ ከሆነ፣ ያ ውኃ አይደለም። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይይዛል፤ ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኘዋልና። የሙቀቱ መጠን ዜሮ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ከከባዱ ብርድ ይልቅ ያሟልጫል፤ በረዶው ላይ ስስ ውኃ ስለሚኖር።

ታዲያ ከባዱ ብርድ ይሻላል ማለት አይደለም። መንገድ ላይ የሚበተነው ተራ ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች፣ ሲወርድ አቅሙ ይደክማል። በዚያ ላይ የሚኒያፖሊስን የማለዳ መስቀለኛ መንገድ አስቡት። መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ቆመው ከጭስ ማውጫቸው እንፋሎት ይተፋሉ፤ እንፋሎቱ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ይጋገራል፤ የሚቆሙትና የሚነሱት ጎማዎች ደግሞ ያሹታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ለሳምንት በረዶ ባልጣለበት ቀን እንኳ፣ መብራቱ ሥር ያለው ሃያ ሜትር መስታወት ነው። ፍሬን መያዝ ያለባችሁ ከመስታወቱ በፊት ነው።

ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ምሰሶም የመኪና ማቆሚያ ድንጋይም የሌለበት ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ፤ የግል ከሆነ አስፈቅዱ። ቀጥ ባለ መስመር ፍጥነቱን በሰዓት 20 ማይል አድርሱና ፍሬኑን እስከ ወለሉ ርገጡት። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ከሥርም የሚፈጭ ድምፅ ይሰማል። ይህ ኤቢኤስ ነው፤ ጎማዎቹ እንዳይቆለፉ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ ይይዛል። ብዙ ሰው ድምፁን ሲሰማ የተሰበረ ነገር ያለ መስሎት እግሩን ያነሳል፣ ስህተቱም ያ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፤ እግራችሁ ባለበት እንዲጸና ተለማመዱ። ቀጥሎ ፍሬኑን እንደረገጣችሁ መሪውን በትንሹ አዙሩ፤ መኪናው እየቆመም ይታዘዛል። የድሮው ፍሬን እየረገጡ መልቀቅ፣ እየረገጡ መልቀቅ ኤቢኤስ ላለው መኪና አይሆንም።

ከዚያ ሰፋ ያለ ክብ እየዞራችሁ ቀስ በቀስ ፍጥነት ጨምሩ። አንድ ቦታ ላይ መሪውን ብታዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይጀምራል፤ የፊቱ ጎማ ለቋል ማለት ነው። መሪውን የባሰ ማዞር ምንም አይረዳም። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ መሪውን ትንሽ ወደ መሐል መልሱ፣ ጎማው ሲጨብጥ ይሰማችኋል። የኋላው ከለቀቀ ደግሞ ዓይናችሁን መሄድ የምትፈልጉበት ላይ ጥላችሁ መሪውን ወደዚያ አቅኑ፤ ምሰሶውን ያየ ሰው ምሰሶውን ይመታል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባት መብራት ብልጭ ብልጭ ካለች ኮምፒውተሩ እያገዛችሁ ነው። ያቺን መብራት ሾፌሩ ብዙ ጊዜ አያያትም፤ ብልጭታዋ ግን «መንገዱ ከምታስበው በላይ ያሟልጫል» የሚል መልእክት ነው።

መንገድ ላይ ስትሆኑም ይህንኑ ፈተና በትንሹ ማድረግ ይቻላል። ከኋላችሁ ማንም ከሌለ፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በ15 ማይል ፍሬኑን ጫን አድርጉት። ወዲያው ከተንቀጠቀጠ የመንገዱን ልክ አወቃችሁ። ነዳጅ ስትሰጡ መኪናው የማይነግራችሁን ፍሬኑ ይነግራችኋል።

ቁልፎቹ

«ስኖው» የሚለው ምርጫ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲመልስ፣ ካምቢዮውም ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ እንዲገባ ያደርጋል፤ ተጠቀሙበት። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉ። «4 ኤች» እና «4 ኤል» የሚል መምረጫ ያለው፣ ላንድክሩዘርና ፒክአፕ የለመደ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ከሆነ፣ አራቱን አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ዲፈረንሻሉን ያጨናንቀዋል፤ ስትታጠፉ መኪናው እየተንገጫገጨ ይነግራችኋል። መንገዱ እዚህ በረዶ እዚያ ደረቅ ከሆነና «አውቶ» ካለው እሱ ይሻላል።

የፊት ራዳሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአርማው ወይም ከባምፐሩ ጀርባ ነው፤ በረዶ ሲለጠፍበት ድንገተኛውን ፍሬን የሚይዝላችሁ ሥርዓት ሥራ ያቆማል፣ ዳሽቦርዱም ያንን ይጽፋል። ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትለቁ በራሱ የሚይዘውን ፍሬን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት፤ ጠጣር በረዶ ላይ እግር ማንሳት ብቻውን ፍሬን እንደ መርገጥ ሆኖ ጎማውን ሊያስለቅቅ ይችላል። የኤሌክትሪኩን መኪና ከመነሳታችሁ በፊት ሽቦው ላይ እንዳለ አሙቁት፤ ማሞቂያው ከባትሪው እንዳይበላ።

ከመነሳት በፊት

የጣራውን በረዶ አውርዱ። ኤስዩቪ ረጅም ስለሆነ ይህ የሚዘለል ሥራ ነው፣ መዘዙ ግን ቅርብ ነው። ማሞቂያው ጣራውን ከውስጥ ሲያሞቀው የበረዶው ሥር ይቀልጣል፤ የመጀመሪያውን ፍሬን ስትይዙ ሙሉው ክምር ተንሸራቶ የፊት መስታወታችሁን ይሸፍናል፣ መጥረጊያው ሊገፋው አይችልም። በአውራ ጎዳና ላይ ደግሞ እንደ ሰሌዳ ተነስቶ ከኋላ ያለውን መኪና ይመታል፤ ኒው ጀርሲና ፔንሲልቬንያ ይህን በገንዘብ ይቀጣሉ። የሚዘረጋ እጀታና የስፖንጅ ራስ ያለው መጥረጊያ ግዙ፣ ቀለሙን አይጭርም።

የመስታወት መጥረጊያው ማታ ስታቆሙ ከ«አውቶ» ላይ ይጥፋ፤ ጠዋት ተጣብቆ እያለ በራሱ ከተነሳ ላስቲኩ ይቀደዳል ወይም የመጥረጊያው ሞተር ይቃጠላል። ፈሳሹ ቢያንስ እስከ 20 ፋራናይት ከዜሮ በታች የማይረጋ ይሁን፤ የበጋው ፈሳሽ ወይም ውኃ ሳታስቡት መስታወቱ ላይ ይጋገራል። ፍል ውኃ መስታወት ላይ የሚያፈስ ሰው አለ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ጉም ሲይዝ ማሞቂያውንም ኤሲውንም አብሩ፣ አየሩም ከውጭ ይግባ፤ ኤሲው እርጥበቱን ያደርቃል። የፊትና የኋላ መብራቱን በእጅ ጥረጉ፤ ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ስለማይሞቅ በላዩ ያለውን በረዶ አያቀልጥም። ጫማችሁን አራግፋችሁ ግቡ፣ እርጥብ ጫማ ከፔዳል ይንሸራተታል።

ልጅ ካለ ወፍራም ጃኬቱን አውልቃችሁ እሰሩት። በጃኬት ላይ የጠበቀ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲጠፈጠፍ ይላላል። ቀበቶው ከታሰረ በኋላ ከላይ ጋቢ ጣል አድርጉበት።

ከተያዛችሁ

ጎማው ባዶውን ሲዞር ከታያችሁ እግራችሁን አንሱ፤ እያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ያለውን በረዶ እያቀለጠ መስታወት ያደርገዋል። በአካፋ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ፣ ከመኪናውም ሆድ ሥር ጥረጉ። አሸዋ ወይም የድመት መጸዳጃ አፈር በትኑ። ትራክሽን ኮንትሮልን አጥፉ፤ ጎማ በዞረ ቁጥር ጉልበት የሚቆርጠው እሱ ነው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በዲ (ወደ ፊት) እና በአር (ወደ ኋላ) መካከል እየቀያየራችሁ መኪናውን በቀስታ አወዛውዙት፣ በየቅያሪውም ሙሉ በሙሉ ይቁም። አምስት ስድስት ጊዜ ካልተነሳ አቁሙ፣ ካምቢዮው ይግላል። ስትወጡ ትራክሽኑን መልሳችሁ አብሩ።

ከከተማ ውጭ፣ በውሽንፍር ውስጥ ከተያዛችሁ ከመኪናው አትራቁ። ነዳጅ ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ይኑር የሚባለው ለዚህ ሰዓት ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ሞተሩን አስነስታችሁ ሙቁ፣ አንዱን መስኮት በነፋሱ ተቃራኒ በኩል በጣት ስፋት ክፈቱ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ግን በየጊዜው ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን በእጃችሁ ጥረጉ፤ በበረዶ ከተደፈነ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ ውስጥ ይገባል።